ጭምባ ላይ ሶስት ጠዋት ምንም አልሰማንም፣ ቅፁ ላይ «የለም» ብዬ ልፃፍ?

የጣና ዳር ልጅ፦

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ውስጥ ወፍ ላይ የሰራችሁ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ምጠይቃችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ባህርዳር ነኝ፣ ባዮሎጂ ጨርሼ አንድ አመት ከመንፈቅ ስራ ስፈልግ ቆየሁና ዘንድሮ ክረምት የረግረግ ወፍ ቆጠራ ላይ የሶስት ወር ኮንትራት አገኘሁ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ። ቦታው የጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው፣ ከኢንፍራንዝ ተነስተን በይጋንዳ አድርገን ግልገል አባይ ጣና እሚገባበት ጭምባ ድረስ። ዳርቻው ላይ ያለው ደንገልና ፊላ አንዳንድ ቦታ ሰው ቆሞ አይታይም። ምንፈልጋቸው ደሞ እነ ፔሊካን እነ ዘውዳማ ክሬን ሚባሉት ትልልቆቹ ወፎች አደሉም፣ እነሱንም እንመዘግባለን ግን ለነሱ ቀን ላይ ቴሌስኮፕ ይበቃል፣ ዋናው ስራ ደንገል ውስጥ ተደብቀው ሚኖሩት ላይ ነው፣ ክሬክ፣ ሬይል፣ ፍለፍቴይል ሚባሉት፣ አንዳንዶቹ ከጫጩት ማይበልጡ፣ ሰው ሲመጣ ከመብረር ይልቅ ሮጠው ሳር ውስጥ ሚገቡ። በአይን አይገኙም፣ በጆሮ ነው።

አሰራሩ እንዲ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት እንወጣለን፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጀመሪያው ነጥብ ላይ መቆም አለብን። 5 ደቂቃ ዝም ብለን እናዳምጣለን፣ ከዛ በትንሽ ስፒከር የእያንዳንዱን ወፍ ድምፅ 30 ሰከንድ እናጫውትና 30 ሰከንድ ዝም እንላለን፣ ወፉ ካለ ሌላ ወፍ ግዛቱ የገባበት መስሎት ይመልሳል ተብሎ ነው። ነጥቦቹ 400 ሜትር ይራራቃሉ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በታንኳ ነው ምንሄደው።

ጭምባ ላይ 6 ነጥብ አለን። ሶስት ጠዋት ተመላልሰን ከጥቁር ክሬክ በቀር (አፏ ቢጫ እግሯ ቀይ የሆነችው፣ እሷማ ማንም ሳይጠራት ትጮኻለች) አንድም መልስ የለም። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር፣ ሁለተኛው ቀን እንቁራሪቱ ከመብዛቱ የተነሳ እርስ በርሳችንም መደማመጥ አልቻልንም፣ ሶስተኛው ቀን ብቻ ነው ደህና የነበረው። የቡድን መሪያችን ቅፁን አይቶ «በቃ የለም ብለህ ፃፍ፣ ወደ ቀጣዩ ቦታ እንለፍ» አለኝ፣ ሪፖርቱ ላይም ቦታው ለነዚህ ወፎች ጠቀሜታው ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሊገባ ነው። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ረግረጉ ጥግ ላይ ባህር ዛፍ እየገባ ነው፣ በጋ ላይ ፓምፕ ተክሎ ጫት ሚያጠጣም አለ፣ እና ነገ «ጥናት ተደርጎ ምንም የለም ተብሏል» ሚል ወረቀት እጃቸው ከገባ ማን ያስቆመዋል?

ሌላም አለ። ታንኳ ሚቀዝፍልን አባት ከነገደ ወይጦ ናቸው፣ እድሜ ልካቸውን ደንገል ሲያጭዱ ታንኳ ሲሰሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስፒከሩን ሲያዩ ዝም ብለው ቆዩና «እናንተ ጠዋት ትመጣላችሁ፣ እሱ ሚናገረው ማታ ነው» አሉኝ። ምን አይነት ድምፅ ነው ስላቸው የውሃ ፕላስቲኬን ተቀብለው አፉ ላይ እፍ እፍ አሉበት፣ ኩው... ኩው... ኩው... እንዲ ሚል። ከሬኮርዶቻችን አንዱንም አይመስልም።

ጥያቄዬ፣ አንደኛ ምን ብዬ ነው ምፅፈው? ሁለተኛ እሳቸው ያሉት ምን ሊሆን ይችላል? ሶስተኛ መሪያችን በሚቀጥለው ዙር ረጅም ገመድ ሳሩ ላይ ጎትተን እናስነሳቸዋለን እያለ ነው፣ ይሄ ነገር ልክ ነው? ከስራው መባረር አልፈልግም ግን ማላምንበትንም መፈረም አልፈልግም።


ጮቄ ማዶ፦

ወንድሜ እጅህ አልታዘዝ ማለቱ ልክ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ፣ 0 መፃፍ ችግር የለውም፣ እንዳውም የግድ መፃፍ አለበት፣ ባዶ ከተውከው ሄደህ አልሰማህም ወይ ጭራሽ አልሄድክም ማንም አያውቅም። 0 ማለት «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በዚህ አየር እዚህ ቆሜ አልሰማሁም» ማለት ነው። «የለም» ደሞ ስለ ረግረጉ የተሰጠ ፍርድ ነው። ቅፁ የምስክር ቃል እንጂ ፍርድ አደለም፣ አንተ ምስክር ነህ፣ ያየኸውንና የሰማኸውን ብቻ ነው ምትሰጠው።

አሁን በቁጥር እንየው። እንደ ምሳሌ ወፉ እዛ አለ እንበል፣ ከ10 ጠዋት በ3ቱ ብቻ ሚመልስ አይነት ነው እንበል (እነዚህ የተደበቁት ወፎች ከዚህም ሊያንሱ ይችላሉ)። አንድ ጠዋት ሄደህ ሳትሰማው ምትመለስበት እድል 70 ከመቶ ነው። ሶስት ጥሩ ጠዋት ሄደህ ሶስቱንም ማትሰማበት 0.7 ሲባዛ 0.7 ሲባዛ 0.7 ነው፣ 34 ከመቶ ገደማ። ወፉ እያለ ማለት ነው! በሶስት ጥሩ ጠዋት እንኳን ከሶስት አንዴ ታመልጥሃለች። የናንተ ደሞ ሶስት ጥሩ ጠዋት አደለም። በአሜሪካ የረግረግ ወፍ መመሪያ (አሁን ምትሰሩበት 5 ደቂቃ ዝምታ፣ 30 ሰከንድ ድምፅ፣ 400 ሜትር ሚለው ከዛ የተቀዳ ነው) ዝናብ እየዘነበ አይቆጠርም፣ ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ከበለጠም አይቆጠርም፣ ጫጫታው ደሞ ከ0 እስከ 4 ደረጃ ተሰጥቶት ይፃፋል። የመጀመሪያው ቀንህ ወድቋል፣ ሁለተኛው በእንቁራሪት ምክንያት 4 ነው። የቀረህ አንድ ጠዋት ነው። በአንድ ጠዋት ረግረግ አይፈረድም።

ስለዚ መሪህን አትጣላው፣ «ሁለቱ ጠዋት መመሪያውን አያሟሉም፣ እንድገማቸው» በለው። ይሄ የአሰራር ጉዳይ ስለሆነ ፊት ለፊት መቃወም አይመስልም። ቅፁ ላይ የጀመርክበትን ያበቃህበትን ሰዓት፣ ነፋስ፣ ዝናብ፣ ጫጫታ፣ የውሃውን ጥልቀት፣ ማን እንዳዳመጠ ሁሉንም ፃፍ። ከአምስት አመት በኋላ ሌላ ልጅ ያንን ቅፅ ሲያይ ዜሮው ምን ያህል እንደሚመዝን ሚያውቀው ከሱ ነው።

ከተቻለ ደሞ ድምፅ መቅጃ ስቀሉ። ኦዲዮሞዝ ሚባል የክብሪት ቀፎ ሚያክል መቅጃ አለ፣ በ3 ትንንሽ ባትሪ ይሰራል፣ ውሃ ከማያስገባ ነገር ውስጥ አድርገህ እንጨት ላይ ታስረዋለህ፣ ንጋትና ምሽት ብቻ እንዲቀዳ ታዘዋለህ፣ ሰው ሳይረብሽ ሳምንታት ያዳምጥልሃል።

እኔ ብዙ የሰራሁት ከፍታው ላይ ነው፣ ጮቄ ግርጌ። እዛ ያለችው ሩጄትስ ሬይል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የትም የለችም፣ ግን ወንዝ ዳር ከብት መሃል ጭራዋን ብድግ እያደረገች ነጩን እያሳየች ትሄዳለች፣ ለማየት ምንም አትቸግርም። ከሷ የለመደ ሰው ጣና ሲወርድ ሁሉም ሬይል እንደዛ ሚታይ ይመስለዋል፣ እኔም የመጀመሪያ ክረምቴን እንደዛ ነው ያሳለፍኩት።


የመራዊዋ፦

ገመዱን ግን በፍፁም!!! እባክህ ይሄን መሪህ ቢቆጣም እንቢ በል። ክረምት እኮ ነው፣ ነሐሴ እኮ ነው፣ ጎጆ ላይ ናቸው። ገመድ ሳሩ ላይ ሲጎተት ወፏ ትነሳለች አዎ፣ እንቁላሉስ? ጫጩቱስ? አንዳንድ ቦታ ተደርጓል፣ የተደረገው ግን በፈቃድ በጣም ተጠንቅቀው ነው፣ አንድ ቡድን መሪ ጠዋት ተነስቶ ሚወስነው አደለም። የዘውዳማ ክሬን ጎጆ ውሃ መሃል ሳር ተኝቶ ተከምሮ ነው ሚሰራው፣ አብዛኛው ጊዜ 2 ወይ 3 እንቁላል፣ አንድ ወር ገደማ ይታቀፋሉ እናትም አባትም እየተፈራረቁ። አንዴ ደንግጠው ከራቁ ቁራና ጭልፊት ወዲያው ነው ሚደርሱት። ደሞ እናንተ ደንገሉን እየረገጣችሁ ያለፋችሁበት መንገድ ተከፍቶ ይቀራል፣ ውሻም ከብትም ልጅም በዛው ይገባል። ኩርት ባህር ሚባለው ረግረግ ላይ ስንሰራ በሳምንቱ የራሳችንን ዱካ ተከትሎ ከብት መሃል ድረስ ገብቶ ያገኘን ጊዜ አለቀስኩ ማለት ይቻላል፣ ከዛ በኋላ በእረኞቹ መንገድ ብቻ ነው የሄድነው፣ ነጥቡ ከመንገዱ 50 ሜትር ቢርቅም ነጥቡን ነው ያነሳነው።

ስፒከሩንም ቢሆን እኔ ብዙ አልወደውም፣ ጮቄ ማዶ ይቅር በለኝ። አንዴ ካልመለሰች አልመለሰችም፣ ድምፁን ጨምረህ ደጋግመህ ስታጫውት እንቁላል ላይ ያለች ወፍ ተነስታ ሌላ ባላንጣ ስትፈልግ ትውላለች።

ስለ ማታው ድምፅ ደሞ፣ አባትዬው የፕላስቲክ አፍ ላይ እፍ አሉ ስትል ልቤ ዘለለ። ፔይንትድ ስናይፕ ሚባል ወፍ አለ፣ ረጅም አፍንጫ ያለው፣ አይኑ ዙሪያ በነጭ የተኳለ ሚመስል፣ ጭቃና ሳር ሚቀላቀልበት ቦታ ሚኖር። የሱ ጥሪ ልክ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንዳለው ነው፣ ሲመሽና ማታ ነው ሚሰማው። ሚያምረው ነገር ደሞ ምትጠራው ሴቷ ናት። ከወንዱ እሷ ናት ደማቋ፣ እንቁላል ጥላለት ትሄዳለች ወንዱ ታቅፎ ጫጩቱን ብቻውን ያሳድጋል፣ እሷ ሌላ ወንድ ትጠራለች። ስለዚ «እሱ ሚናገረው» ያሉህ አባት ምናልባት «እሷ» ነች። ነች ብዬ ግን አልምልም፣ እንቁራሪትም ጉጉትም ሊሆን ይችላል፣ ሄደህ በራስህ ጆሮ ስማ። እና እነዚህ ወፎች እናንተ የስፒከር ዝርዝር ውስጥ ከሌሉ፣ ሰዓታችሁም ጠዋት ብቻ ከሆነ፣ መቼም ቢሆን አትሰሟቸውም ማለት ነው። ለአባትዬው ቅፅ ቢሰጣቸው ኖሮ ገና ድሮ ይሞሉት ነበር።

ሌላ፣ በባዶ እግር ውሃ አትግባ፣ ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ቦት ጫማው ውስጥ ውሃ ከገባም አውልቀህ እግርህን አድርቅ። አልቅቱ ያስጠላል እንጂ አይገልህም። ጉማሬ ግን ይገላል፣ ግልገል አባይ አፍ ላይ ሲነጋጋ ከሳር ግጦሽ ወደ ውሃ ሲመለስ በመንገዱ እንዳትቆም፣ ባለ ታንኳው ቁም ካለህ ቁም። ከቀበሌ ደብዳቤ ሳትይዝ ደሞ አትውጣ፣ አሁን ባለው ሁኔታ በጨለማ ቢኖክላርና ጂፒኤስ ይዞ ሚዞር ሰው ማንንም ያስጠረጥራል፣ በሁሉም በኩል።


የይጋንዳው፦

እኔ ባለሙያ አደለሁም፣ አባቴ ባህር ሸሽ ነው ሚያርሰው ስለዚ ይሄ ነገር ስለሚነካን ልናገር። ባህር ሸሽ ለማታውቁት፣ ጣና መስከረም ጥቅምት ላይ ሞልቶ ከዛ ወደ ግንቦት ሰኔ እያለ ሲሸሽ ውሃው የለቀቀው መሬት ማለት ነው፣ እርጥበቱ ስላለ ያለ ዝናብ ሽምብራ ጓያ ይዘራበታል። ልጅ ሆኜ ደንገሉ ከቤታችን ጓሮ ይጀምር ነበር፣ አሁን ተራምደህ ተራምደህ ነው ምታገኘው። ሁሉንም ገበሬው ጨረሰው ይባላል። ገበሬውም አለበት፣ አልክድም። ግን አባይ ከጣና ሚወጣበት ጨረጨራ ላይ እ.ኤ.አ. 1996 ውሃው መገደብ ከጀመረ ወዲህ ባህሩ ሲወርድም ሲወጣም እንደ ድሮው አደለም፣ እ.ኤ.አ. 2003 በጣም ወርዶ ጀልባ ሁሉ መንቀሳቀስ አቅቶት ነበር፣ ያኔ መሬቱ ሲገለጥ ሰው ገብቶ አረሰ፣ አንዴ የታረሰ ደሞ ደንገል ተመልሶ አልበቀለበትም።

አሁን ጥያቄዬ ለጠያቂው ነው። ስንቴ ሰው ቦት ጫማ አድርጎ መጥቶ ፃፈ፣ ለኛ የፃፈውን ያነበበልን አንድም የለም። አባቴ ወፍ አይጠላም። በጋ ላይ ከውጭ ሚመጡት ግራጫ ክሬኖች ከማሳው ላይ የወደቀ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ፣ ማታ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፣ ጠዋት ሲነሱ ሰማዩ ሁሉ ጩኸት ይሆናል፣ አባቴ ደጅ ወጥቶ ነው ሚያያቸው። ለጋ ቡቃያ ላይ ካረፉ ግን ያባርራል፣ ምን ያድርግ። አንተ «የለም» ብለህ ብትፅፍ መሬቱ ለኛ አይሆንም፣ ገንዘብ ያለው መጥቶ ፓምፕ ይተክልበታል። «አለ» ብለህ ብትፅፍ ደሞ አጥር ታጥሮ ቄጤማ ማጨድ ክልክል ነው ይባላል ብለን እንፈራለን። ስለዚ ምትፅፈውን ፅፈህ ስትጨርስ ዛፍ ስር ቁጭ በልና ለሰው ንገር። ቄጤማው መቼ ቢታጨድ፣ ከብቱ መቼ ቢገባ ይሻላል ሚለውን ከኛ ጋር ተነጋገሩ። ሽማግሌዎቹ ከተነገራቸው ይሰማሉ።


የመራዊዋ፦

የይጋንዳው፣ ልክ ነህ። እኛም ውጤቱን ሳንናገር ነው የወጣነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።


ከባህር ማዶ፦

ደጀን ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። ሁለት ወቅት እዚህ የውቅያኖስ ዳር ረግረግ ላይ ተመሳሳይ ስራ ሰርቻለሁ ስለዚ ትንሽ ልጨምር። እኛ ምንፈልጋት ጥቁር ሬይል ምትባል ድንቢጥ ምታክል ወፍ ነበረች፣ የምስራቁ ዝርያዋ እ.ኤ.አ. 2020 በመንግስት አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዝግባለች። ጨለማ ውስጥ ነው ብዙ ምትጠራው፣ ኪ ኪ ዱ... ኪ ኪ ዱ... እያለች። እኔ በመጀመሪያው ወቅት ከ19 ሌሊት 18ቱን ምንም ሳልሰማ ተመልሻለሁ። በ19ኛው አንዴ ብቻ ጠራች፣ ምናልባት ለ20 ሰከንድ። እነዛ 18 ባዶ ሌሊቶች ደሞ ልክ እንደ 19ኛው አስፈላጊ ነበሩ፣ ያኔ ባይፃፉ ኖሮ ያቺን አንዷን ጥሪ ከምን ጋር ታመዛዝናታለህ።

እዚህ ስራውን ሚመራው ማዕበሉ ነው። ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ይጎድላል፣ በጨረቃ ሙሉና በአዲስ ጨረቃ ላይ ደሞ በጣም ይሞላል፣ ያኔ ረግረጉ ተሸፍኖ መግባት አይቻልም፣ የጠረጴዛህ ካላንደር የማዕበል ሰንጠረዥ ነው። ጨው ረግረግ ውስጥ ሳር ላይ ጎጆ ምትሰራ ድንቢጥ አለች፣ እንቁላል ጥላ ጫጩቷ ከጎጆ እስኪወጣ በሁለት ትልልቅ ሙላቶች መሃል መጨረስ አለባት፣ ትንሽ ከዘገየች ጎጆው ይሰምጣል፣ ባህሩ ከፍ እያለ በመጣ ቁጥር ደሞ ያ ጊዜ እየጠበበ ነው። ይሄን ያነሳሁት ጣና ማዕበል ባይኖረውም የራሱ ሰዓት ስላለው ነው። ክረምት እየገፋ ሲሄድ ውሃው በየሳምንቱ ይጨምራል አደል? ሐምሌ ላይ ጭቃ የነበረው ነጥብ መስከረም ላይ ወገብ ይደርሳል፣ ወፎቹም አብረው ወደ ዳር ይወጣሉ። የሐምሌን ነጥብ በመስከረም ብትቆምበት እዛው ቦታ ሌላ ረግረግ ነው ምታዳምጠው። ጥልቀቱን በየጊዜው ለካ፣ ምልክት ያለው እንጨት ትከል።


ዳንግላ፦

ሁላችሁም ሸጋ ነው ያላችሁት። እኔ ግን ማታ ሚሰማው ያ ነጭ ክንፍ ያለው ፍለፍቴይል ቢሆንስ? በጣም ብርቅ ነው ይባላል፣ ጎጃም ተገኘ ቢባል እኮ ትልቅ ዜና ነው።


ጮቄ ማዶ፦

ዳንግላ፣ ጉጉትህ ይገባኛል ግን እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብን። ያ ወፍ በአለም ላይ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት አንዱ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በደንብ ሚታወቀው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በርጋ ጨፌ፣ በስተሰሜን ደሞ ሱሉልታ አካባቢ ነው። ሐምሌ ላይ ሳሩ ውሃ ሲይዝ ይመጣል፣ ተራብቶ መስከረም ላይ ይሄዳል። ሚፈልገው ከፍ ያለ ደጋ ላይ ክረምት ብቻ ውሃ ሚተኛበት አጭር ሳር ነው፣ የጭምባ ደንገል ሌላ አይነት ቤት ነው። በዛ ላይ የዚህ ወፍ ትክክለኛ ድምፅ እራሱ በደንብ የተረጋገጠው ገና በቅርብ አመታት ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ረግረግ ውስጥ ካሜራና መቅጃ ተክለው ነው ያረጋገጡት፣ ከዛ በፊት በየመፅሐፉ የተፃፈው ጥሪ አጠራጣሪ ነበር። እና ጠያቂው፣ ስፒከራችሁ ላይ ያለው ፋይል ከየት እንደመጣ ጠይቅ። ፋይሉ ልክ ካልሆነ ወፉ አጠገብህ ቢኖርም አይመልስልህም፣ አንተ ደሞ 0 ትፅፋለህ።

የበርጋ ነገር ግን ሌላ ትምህርት አለው፣ እዛ ጠባቂው የአካባቢው ሰው ነው፣ ተደራጅተው እነሱ ናቸው ጨፌውን ሚከታተሉት። የይጋንዳው ያለው እሱን ነው።

የመራዊዋ ያለችው ፔይንትድ ስናይፕ ለኔም ይመስለኛል። በስልክም ቢሆን ቅዳውና ላክልን።


የጣና ዳር ልጅ፦

ዘገየሁ ይቅርታ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ብዙ ነገር ስለሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መሪያችንን በጮቄ ማዶ መንገድ ነው ያናገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀን የለንም አለ፣ ከዛ መመሪያውን አውጥቼ የዝናቡን መስመር ሳሳየው ዝም አለ፣ በማግስቱ «ሁለቱን ጠዋት ድገሙ» አለን። ገመዱን ትቶታል። የስፒከሩን ፋይሎች ከየት እንደመጡ ጠይቄው እሱም አያውቅም፣ እየተጣራ ነው። የተደገሙት ሁለት ጠዋቶች ሸጋ ነበሩ፣ ነፋስ የለም ዝናብ የለም፣ እንቁራሪቱ ደረጃ 2። አሁንም ከጥቁር ክሬክ ውጪ መልስ የለም። 0 ብዬ ፃፍኩ፣ ሁሉንም ሁኔታ ከጎኑ ሞላሁ፣ አሁን ያ 0 አይከብደኝም።

ከዛ ማታውን ደሞ። ከጨለመ በኋላ ወደ ባህርዳር መመለስ ስለማይሆን ቀበሌውን አስፈቅደን እዛው አደርን፣ አባትዬው ቤት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሳቸው ታንኳ ወጣን እኔና እሳቸው ብቻ፣ ስፒከር የለም፣ መብራት የለም። እሳቸው ቀዘፋውን አቁመው ታንኳዋን ደንገል ውስጥ አስጠግተው «አሁን አትንቀሳቀስ» አሉኝ። ፀሐይ ገባች፣ ሽመላዎቹ ወደ ማደሪያቸው አለፉ፣ ትንኙ ፊቴን በላው፣ ከወንዙ በኩል ጉማሬ አጉረመረመ። 12 ሰዓት ከ50 ላይ መጣ። ኩው... ኩው... ኩው... ዝቅ ያለ፣ ከውሃው ላይ ሚነሳ ሚመስል፣ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ሚያስቸግር። እጄ ተንቀጠቀጠ። አባትዬው ክንዴን ያዙኝና በጣታቸው አቅጣጫውን አሳዩኝ፣ ደንገሉ አልቆ ሳሩ ጭቃ ሚሆንበት ጋር ነው፣ የመራዊዋ እንዳለችው። እስከ 1 ሰዓት ተኩል 11 ጊዜ ጠራ፣ ሁለት ቦታ ነው ሚመስለኝ፣ አንዱ ሲጠራ ሌላው ከሩቅ ይመልሳል። በስልክ ቀድቼዋለሁ፣ እንቁራሪቱ ይጮኻል ግን ይሰማል። ፋይሉን አሁን አስገባዋለሁ።

ቅፁ ላይ «ዝርያው ያልተረጋገጠ፣ ተሰማ፣ አልታየም፣ 11 ጥሪ» ብዬ ፃፍኩ፣ ማን እንዳዳመጠ ሚለው ላይ የኔንም የአባትዬውንም ስም አስገባሁ። ስማቸውን ቅፁ ላይ ሲያዩ አንብብልኝ አሉኝ፣ ሁለቴ አነበብኩላቸው።

የይጋንዳው፣ መስከረም ላይ ስንጨርስ ይጋንዳም ጭምባም ሰው ሰብስበን እንነግራለን፣ መሪያችን እሺ ብሏል። አባትህንም ጥራልኝ።


ጮቄ ማዶ፦

ሰማሁት፣ በጆሮ ማዳመጫ አራቴ። 4ኛው ደቂቃ ላይ ያለው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ፔይንትድ ስናይፕ ይመስለኛል፣ ሴቷ። አንድ ቅጂ ግን አይበቃም። ሌላ ሁለት ማታ ድገሙት፣ በተለያየ ቀን፣ ከተቻለ የመራዊዋ አብራችሁ ትውጣ፣ እሷ በአይኗ ታውቀዋለች። ጎጆ ፍለጋ ግን ሳሩ ውስጥ አትግቡ።


የመራዊዋ፦

ቅዳሜ እመጣለሁ። ለአባትዬው ቡና ይዤ ነው ምመጣው፣ 11 ሰዓት ላይ ታንኳው ጋር ጠብቁኝ።